በቅሎዎቹና ሮኬቱ

የእህቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ በምትባል ከተማ ነው። ሆቴል ቤት የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ልጠይቀው ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ ማታ አለቃውን አስፈቅዶ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ እንቅልፍ የለም። ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሮኬት ላሳይህ ነው» አለኝ። «በቴሌቪዥን አያሳዩትም እንዴ?» ብለው ሳቀብኝ። «ሠርግ በቴሌቪዥን አይበላም» አለኝና ብርድ ልብስና ሁለት ታጣፊ ወንበር መኪናው ውስጥ ወረወረ።

የሄድነው ቲተስቪል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ኢንዲያን ሪቨር ከሚሉት ሰፊ ውሃ ዳር የተዘረጋች ናት። ከውሃው ማዶ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል አለ። እኛ ከቆምንበት እስከ መወንጨፊያው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይሁንና 98 ሜትር የሚረዝመው ሮኬት በመብራት ተጥለቅልቆ ስለነበር፣ ከሩቅ ሲታይ ጨለማ ውስጥ የተተከለ ጧፍ ይመስላል። የውሃው ዳር በሰው ተሞልቷል። ሕፃናት ብርድ ልብስ ላይ ተኝተዋል፣ ሽማግሌዎች ከፔርሙዝ ቡና ይቀዳሉ፣ የማይተዋወቅ ሰው እየተጠራራ ወሬ ይጠያየቃል። ለአፍታ የከተራ ዕለት ጃንሜዳ ያደርኩ መሰለኝ። ታቦቱ ብቻ የለም። ወይም ታቦቱ ከውሃው ማዶ ነው።

ያ ሮኬት በነሐሴ ሊነሳ ነበር፤ ቀረ። በጳጉሜን መዳረሻ ሊነሳ ነበር፤ ሃይድሮጂን አፈሰሰና እንደገና ቀረ። በዚያም ሌሊት አንድ ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ ተባለ። ሦስት ባለሙያዎች ነዳጅ እየተሞላበት ካለው ሮኬት ሥር ገብተው ብሎን አጠበቁ። ሕዝቡ ይህን ከስልኩ እየሰማ ነበርና ሰዎቹ በሰላም መውጣታቸው ሲነገር በጭብጨባ ተቀበለው። እኔ ግን ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያቤሎ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ልኮልኛል። ቦረናዎች ሀገያ የሚሉት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ በዚያም ዓመት ከድቶ ነበር። በተከታታይ የከሸፈ አምስተኛው ወቅት መሆኑ ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ አምስት ሰዎች አንዲት የከሳች ላም ከመሬት ሊያነሱ ይታገላሉ። ሁለቱ ከጎን፣ አንዱ ጭራዋን ይዞ፣ ሁለቱ ከሆዷ ሥር ገብተው። ከብት ከወደቀ በራሱ አይነሳም፤ ካልተነሳ ደግሞ አያድርም። በዙሪያቸው ሊነሱ ያልቻሉት ተኝተዋል።

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ከውሃው ማዶ ብርሃን ወጣ። ብልጭታ አልነበረም። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ከአድማስ ዘላ የወጣች ያህል ነው። ውሃው በሙሉ ወርቅ መሰለ፤ የአጠገቤን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ለየሁ። ድምፅ ግን የለም። ሮኬቱ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ኪሎ ግራም ክብደቱን ተሸክሞ፣ ከጀርባው ረጅም ነበልባል እየጎተተ፣ በፍጹም ዝምታ ይነሳል። ድምፁ ከእኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ሲደርስ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፤ በደረት ነው። የሸሚዜ ጨርቅ ሲርገበገብ ይታወቀኛል። ከዚያ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ የሰው አገር ውሃ ዳር፣ የሰው አገር ሮኬት ቀና ብዬ እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያች ቅጽበት ያቤሎን ረስቼ ነበር። ላሟንም፣ አምስቱንም ሰዎች ረስቼ ነበር።

ብርሃኑ ደመና ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ የእህቴ ልጅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ አሁን ስንት ብር ነው የተቃጠለው?» አለኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። የናሳ ዋና ኢንስፔክተር በዚያው እ.ኤ.አ. 2022 ለአሜሪካ ምክር ቤት በሰጠው ቃል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ጉዞዎች እያንዳንዳቸው 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጁ ገምቷል። በወቅቱ ባንክ ቤት በነበረው ምንዛሪ ስናሰላው ከ215 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል። የኢትዮጵያ የ2015 ዓ.ም. በጀት 786.6 ቢሊዮን ብር ነበር። ከሩብ በላይ የሚሆነውን የአገር ዓመታዊ በጀት ሕዝብ እያጨበጨበ ሰማይ ላይ ሲነድ አየሁ ማለት ነው። በውስጡ ሰው እንኳ አልነበረም፤ አሻንጉሊት ነው የተቀመጠበት። እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው እየተራበ በእንዲህ ያለ ነገር መደነቅ ነውር ነው? ስለ ገንዘቡ ብቻ አልጠይቅም። የገንዘቡን ነገር የአሜሪካ ምክር ቤት ይጨነቅበት፤ ግብር የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እኔ የምጠይቀው ስለዚያች እንባ ነው። ላሟን ስላስረሳችኝ ቅጽበት ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እዚያው ፍሎሪዳ፣ ከዚያው የጠፈር ማዕከል በር ላይ፣ ከ53 ዓመት በፊት በበቅሎ ተጭኖ መጥቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1969)፣ አፖሎ 11 ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ከደሃ ጥቁር ቤተሰቦች ጋር ሰልፍ መርተው መጡ። አበርናቲ የማርቲን ሉተር ኪንግ የቅርብ ወዳጅና፣ ኪንግ በ1968 ከተገደሉ በኋላ የድርጅታቸው መሪ ናቸው። ከሰልፉ ፊት ሁለት በቅሎዎች ይሄዳሉ። በቅሎና ጋሪ የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ደሃ ገበሬ መለያ ነበር፤ የኪንግንም አስከሬን ወደ መቃብር የወሰዱት በበቅሎ ጋሪ ነበር። ከሰልፈኞቹ መፈክሮች አንዱ የአንድን ጠፈርተኛ የቀን ቀለብ ዋጋ ከአንድ የተራበ ሕፃን ቀለብ ጋር ያነጻጽራል። 110 ሜትር ከሚረዝም ሮኬት ፊት ለፊት ሁለት በቅሎ! ደራሲ አስቦ ቢጽፈው «በዛ፣ ቀንስ» እለው ነበር። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለውን ነገር በቀይ ብዕር ሳሰርዝ ነው የኖርኩት።

የናሳ ዋና አስተዳዳሪ ቶማስ ፔይን ሊያነጋግራቸው ወጣ። ካፊያ እየጣለ ነበር። አበርናቲ የአገሪቱ አንድ አምስተኛ ሕዝብ የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚጠለልበትና የሚታከምበት በቂ ነገር እንደሌለው ነገሩት። ፔይን በሰጠው መልስ፣ ነገ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የሚልከውን ቁልፍ አለመጫን የአሜሪካን ድህነት የሚያስወግድ ቢሆን ኖሮ እንደማይጫኑት ተናገረ። ወደ ጨረቃ መሄድ ከድህነት ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነውም አለ። ለጠፈርተኞቹ እንዲጸልዩ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሮኬቱ ሲነሳ አበርናቲና ከደሃዎቹ ቤተሰቦች 100 ያህል ሰዎች በእንግድነት ከተጋበዙት መሐል ቆመው ያዩ ነበር። አበርናቲ በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገሩት አስገራሚ ነው። ሮኬቱ በተነሳባት ቅጽበት ከአሜሪካውያን ሁሉ እጅግ ከኮሩት አንዱ እንደነበሩ፣ የቆሙበትም መሬት የተቀደሰ ሆኖ እንደተሰማቸው አልደበቁም። በአገራቸው ያን ያህል ረሃብተኛ መኖሩን ለአፍታ መርሳታቸውንም ተናገሩ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ብዙ ጊዜ የአበርናቲን መርሳት እንደ ሽንፈት ነበር የማየው። ተቃዋሚው መጣ፣ ርችቱን አየ፣ ፈዘዘ፤ መንግሥትም ሳቀ፤ ያለቀ ነገር ነው እል ነበር። ካየሁ በኋላ ግን አንድ ያላስተዋልኩት ነገር ታየኝ። አበርናቲ በዚያ ካፊያ ውስጥ ቆመው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ቦታ ነው። ናሳ ድህነትን በመዋጋት እንዲያግዝ ጠየቁ፤ ባለሙያዎቹ የረሃብን ችግር እንዲያጠኑ ጠየቁ፤ ደግሞም አሥር ቤተሰቦች ሮኬቱ ሲነሳ እንዲያዩ ይፈቀድልን አሉ። «ሮኬቱን አቁሙ» የሚለው ከሦስቱ ውስጥ የለም። «ዳቦ ስጡንና ሮኬታችሁን ለራሳችሁ» የሚልም የለም። ዳቦውንም፣ ማየቱንም ነው የጠየቁት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ባላወራ ሐቀኛ አልሆንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና፣ ታይዩዋን ከሚባል ሥፍራ ስትመጥቅ እኔ አፌን ሞልቼ ካፌዙት አንዱ ነበርኩ። 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣባት፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን ቻይና የሸፈነችው ዕቃ ናት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብዬ ጻፍኩ። ድሃ ሳተላይት ምን ያደርግለታል አልኩ። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያን ዕለት ማለዳ፣ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናቱና ሳይንቲስቶቹ ቁጭ ብለው ሲመለከቱ፣ በእኔም ቤት በር ተንኳኳ። የሰፈራችን ጥበቃ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲገርፋቸው ያደሩ ሽማግሌ። ጋቢያቸው በጤዛ ርሷል። «መምህር፣ ዛሬ ወደ ሰማይ የምትወጣዋን ነገር ያሳያሉ ሲሉ ሰማሁ። ቴሌቪዥንዎን ከፍተው ከሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። አስገባኋቸው። ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ሲያልቅ «እንዲህ ነው ለካ!» ብለው አመሰገኑኝና ሄዱ። ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከምናዋጣው ሰዎች አንዱ ነኝና። እኔም ያን ጽሑፌን በማግሥቱ ላክሁ። ድሃውን ወክዬ! ድሃው ከአንድ ቀን በፊት ሳሎኔ ተቀምጦ የፈለገውን ነግሮኝ ሳለ ማለት ነው። ለምን ሊጠይቁኝ እንደመጡ እንኳ አላሰብኩበትም። የእሳቸውን ሆድ እንጂ የእሳቸውን ዓይን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ድሃን ለድሃነቱ ሲባል ከድንቅ ነገር ማግለል ራሱን የቻለ ድህነት ነው። እኛ የተማርነው ይህን ስናደርግ ለድሃው የተቆረቆርን ይመስለናል።

ለሮኬት የሚቀርበው የተለመደው መከላከያ ግን ይህ አይደለም። የተለመደው «ይጠቅማል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ታዋቂ ደብዳቤ አለ። በ1970 ዛምቢያ ውስጥ ታገለግል የነበረች ሲስተር ሜሪ ጁኩንዳ የተባለች መነኩሲት፣ ሕፃናት እየተራቡ ለጠፈር ቢሊዮኖች ማውጣትን እንዴት ትደግፋለህ ስትል ለናሳው ሳይንቲስት ለኤርንስት ሽቱሊንገር ጻፈች። ሽቱሊንገር ረጅምና ጨዋ መልስ ሰጣት። በመልሱ ውስጥ አንድ ተረት ይነግራታል። ከብዙ ዘመን በፊት ለድሆች የሚመጸውት አንድ ደግ መስፍን ነበር። ይህ መስፍን መስተዋት እየሞረደ ጥቃቅን ነገር ለሚመለከት አንድ ሰውም ገንዘብ ይሰጣል። ሕዝቡ በወረርሽኝ እየተሠቃየ ነበርና አጉረመረመ፤ መስፍኑ ግን አላቋረጠም። ያ መስተዋት በመጨረሻ ማይክሮስኮፕ ሆነ፤ ማይክሮስኮፕም ከምጽዋቱ ሁሉ በላይ በሽታን ለማሸነፍ ረዳ። ከደብዳቤው ጋር ከጨረቃ ዙሪያ የተነሳ የምድርን ፎቶ አያይዞ ላከላት።

ደብዳቤውን እወደዋለሁ፤ ግን አልረታም። አንደኛ፣ የተረቱ መስፍን አስቀድሞ ድሃውን የሚያበላ ሰው ነው። ለመስተዋት ሞራጁ የሚሰጠው ከዚያ በተረፈው ነው። የእኛ ዘመን መስፍኖች ሁሉ እንደዚያ ናቸው ወይ? ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነም አይረሳኝም። ሽቱሊንገር ከቬርነር ፎን ብራውን ጋር ለሂትለር ጀርመን ቪ-2 ሮኬት ከሠሩት አንዱ ነበር። ቪ-2ን በዋሻ ውስጥ የገጣጠሙት የዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። በካምፑና በቅርንጫፎቹ ካለፉት 60 ሺህ ገደማ ሰዎች አንድ ሦስተኛው ያህል ሞቷል። ሮኬቱ ተተኩሶ ከገደለው ይልቅ ሲሠራ የገደለው ይበልጣል። አፖሎን ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሳተርን 5 ከዚያው ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ የዲዛይኑም መሪ ፎን ብራውን ነው። ይጠቅማል የሚለው ሚዛን ላይ ስንወጣ ይህም አብሮ መመዘን አለበት።

ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ያመኛል። ከሰማይ ማየት በእርግጥ ይጠቅማል። ከ1977ቱ ረሃባችን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቋቁመው በሳተላይት የሣርና የዝናብ ሁኔታ እየተከታተሉ ኖረዋል። የቦረናም ድርቅ እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ታወቀ፤ ከብቱም አለቀ። ማየት ማብላት አይደለም። በጥር ወር 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቋርጥ ያው ማስጠንቀቂያም ለወራት ተዘጋ፤ በከፊል የተመለሰው በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ነው። ዓይኑም በሌላ ሰው ፈቃድ የሚጨፈን ነው ማለት ነው።

ደግሞስ እኔ ውሃው ዳር ያለቀስኩት ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አስቤ ነው? ስለ ጥቅሙ አስቤ ነው? ኧረ በፍጹም! አበርናቲስ ቢሆኑ? በዚያች ቅጽበት ማንም ስለ ጥቅም አያስብም። ስለዚህ መደነቅን በጥቅም መከላከል ሠርግን በተረፈው ምግብ እንደ መከላከል ነው።

ይልቅ መደነቅ ራሱ ይጠየቅ። ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ አሳፋሪ ነገር ይታዘባል። ምርጥ ቴአትር እየታየ ሳለ፣ በጎረቤት አደባባይ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በሞት ሊቀጣ ነው ቢባል አዳራሹ ወዲያው ባዶ ይሆናል ይላል። ሰው በአካል ተገኝቶ የሚያየው ነገር አደጋ ሲኖርበት ይበልጥ ይስበዋል። እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ይፈነዳ ይሆን?» የምትል ስውር ድምፅ በውስጤ ነበረች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር በ73ኛው ሰከንድ ሲበታተን፣ የመምህርቷ የክሪስታ ማኮሊፍ እናትና አባት ከታች ቆመው ያዩ ነበር። ከተመልካቹም ብዙው የሆነውን ነገር ወዲያው አልተረዳም። መደነቅ ንጹሕ ነገር ነው ብዬ ልሸነግላችሁ አልችልም።

የራሴን መደነቅ የምጠረጥርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ የምኖር የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው። ከተማዋ በቀይ ጨርቅና በአምፖል አጊጣለች፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው አስውበዋታል። ክረምቱን በሙሉ ሰልፍ ስንለማመድ ከርመናል። አብዮት አደባባይ ላይ ታንኩ ሲያልፍ፣ ባንዱ ሲመታ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ደረቴ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ዛሬም አስታውሳለሁ። ቲተስቪል ላይ የተንቀጠቀጠው ያው ደረት ነው! ያኔም እንባዬ መጥቶ ነበር። በዚያን ቀን ወሎና ትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1976፣ ለለጋሾች አስጠንቅቋል። ዓለም የኮረምን ሥዕል በቢቢሲ ያየው ግን ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በጥቅምት ነው። እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ልጅ ነበርኩ እል ይሆናል፤ ግን የሚያውቁትም አብረውኝ አጨብጭበዋል።

ታዲያ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ትርኢት ናቸው። ሁለቱም የመንግሥት ጉልበት መግለጫ ናቸው፤ አፖሎም ቢሆን ሶቪየትን ለመብለጥ የተሮጠ ሩጫ ነው። ሁለቱም ሰው እየተራበ የተደረጉ ናቸው። «ያኛው ውሸት፣ ይሄኛው እውነተኛ ሥራ» ማለት ይቻላል፤ ግን በቂ አይመስለኝም። ፒራሚድም እውነተኛ ሥራ ነው።

ብዙ ካሰላሰልኩ በኋላ የማገኘው ልዩነት በቅሎዎቹ ናቸው። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ፍሎሪዳ ላይ ሰማዩ ሊታረስ አንድ ቀን ሲቀረው ንጉሡ በራሱ በር ላይ ተከሰሰ። ከሳሾቹ በቅሎ እየነዱ እስከ በሩ መጡ፤ የተከሰሰው ሰውም ካፊያ እየመታው ወጥቶ ሰማ፤ በማግስቱም ከሳሾቹ ከእንግዶቹ መሐል ቆሙ። በእኛው በዓል ግን በኋላ የወጡ ጽሑፎች እንደሚመሰክሩት፣ ወደ አዲስ አበባ እግራቸውን ያነሱ ረሃብተኞች በየኬላው እየተመለሱ ነበር። ጥያቄው ወደ ትርኢቱ እንዳይደርስ ተደረገ። ከአደባባዩ በር ላይ ሁለት በቅሎና አንድ የወሎ ገበሬ ቆመው ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን እንባዬ ሌላ ይሆን ነበር። ምናልባት እንባው ያው ሆኖ እኔ ሌላ እሆን ነበር።

ይህ አሜሪካንን ነጻ የማውጣት ብይን አይደለም። የፔይን ትሕትና ዳቦ አልሆነም። አንድ መቶ የመግቢያ ካርድ አንድ መቶ ቀለብ አይደለም፤ በዚያ ጠዋት በአካባቢው ከተሰበሰበው አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ውስጥም አንድ መቶ ሰው ምንም ነው። ጮሌ ሹም ከሳሹን እንዴት አድርጎ እንግዳ እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ እኛም አገር ግብር ተበልቶ አቤቱታ የሚረሳበት ጊዜ ነበር። አበርናቲ በዚህ መንገድ ተታለዋል የሚል ሰው ቢመጣ በጽኑ አልከራከረውም። ብቻ አንድ ነገር እለዋለሁ። ሰውዬው የረሱት ለአፍታ መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። የረሳ ሰው መርሳቱን አይናገርም፤ ያስታወሰ ሰው ነው «ረስቼ ነበር» የሚለው።

እኛም ከቲተስቪል ለመውጣት ከመነሻው ይልቅ መመለሻው ከበደን። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መኪናውን አስነስቶ መንገዱ ተዘጋ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሄድነው። የእህቴ ልጅ ስለ ገንዘቡ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ስልኬን አውጥቼ ያን ፎቶ አሳየሁት። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ፎቶውን አስፍቶ ብዙ አየው። ቆየና «ተነሳች?» አለኝ።

«ማ?»

«ላሟ።»

አላውቅም ነበር። ለመጠየቅም አላሰብኩም። ያቤሎ ያን ጊዜ እኩለ ቀን ሊሆን ነው፤ ለተማሪዬ ጻፍኩለት። መልሱ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ኦርላንዶ ልንገባ ስንቃረብ ነው። «ለዛሬ ቆማለች» ይላል።